ወፏ ባትስቅ ኖሮ

ነገሩ የተበላሸው ሠንጠረዥ የሠራሁ ቀን ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የዓለም አፈ ታሪክና ፎክሎር የሚል የምርጫ ኮርስ ወሰድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የወሰድኩት ቀላል መስሎኝ ነው። ተረት ማንበብ ምን ይከብዳል? ፈተና የለውም፣ ውጤቱ የሚያዘው በድርሰት ነው ተባለ። ድርሰት ደግሞ ለኔ ችግር ሆኖ አያውቅም። የማላውቀውን ነገር ስድስት ገጽ አድርጌ መጻፍ እችላለሁ፤ ተሰጥኦ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጣም ነው የተዝናናሁት። ያነበብኩት ሁሉ ከዚህ በፊት የማውቀው እየመሰለኝ ተቸገርኩ። የሜሶጶጣሚያው ሰውዬ መርከብ ሠርቶ ከጥፋት ውሃ ሲተርፍ ኖኅ ትዝ ይለኛል። የግሪኩ ኦርፊየስ ሚስቱን ከሙታን አገር ሊያወጣ ወርዶ «ወደኋላ እንዳታይ» ይባላል፤ የጃፓኑ ኢዛናጊም ሚስቱን ሊያወጣ ወርዶ «እንዳታየኝ» ትለዋለች። ሁለቱም ያያሉ። (አትይ የተባለ ሰው ማየቱ አይቀርም፣ ይሄ ምስጢር አይደለም።) የግሪኳ ፐርሴፎኒ ከሙታን አገር ሮማን ስለቀመሰች ጨርሳ መመለስ አልቻለችም፤ የኢዛናጊ ሚስትም እዚያ በልታ ስለተገኘች መውጣት ከበዳት። ግሪክና ጃፓን የት ለየት? እንዴት ነው ነገሩ?

ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በግራ በኩል የሕዝቦቹ ስም፣ ከላይ ደግሞ «ጎርፍ»፣ «እሳት ሰራቂ»፣ «ዘንዶ ገዳይ»፣ «ሙታን አገር ደርሶ መልስ»። ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ራይት አደርጋለሁ። የዘንዶ ገዳዩ አምድ ወዲያው ሞላ፤ ማርዱክ፣ ኢንድራ፣ አፖሎ፣ ቶር፣ አርዌን የገደለው ሰው ሳይቀር። ራይት ሲደረደር ማየት ደስ ይላል። አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሌሊት ሁሉ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ድርሰት ጻፍኩ። ጭብጡ ባጭሩ የሰው ልጅ ያለው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፣ ስሞቹን እየቀያየረ ነው የሚያወራው የሚል ነበር። ስድስት ገጽ፣ እንደ ልማዴ።

መምህሬ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ውጤት አልጻፈበትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ በአምስት አገር የተነገሩትን የጎርፍ ታሪኮች «በመሠረቱ አንድ ናቸው» ያልኩበት መስመር ጎን፣ በቀይ ሁለት ፊደልና አንድ የጥያቄ ምልክት ነበር።

«ዩስ?»

መጀመሪያ ዩኤስ ሊል ፈልጎ የተሳሳተ መሰለኝ። አሜሪካ ከዚህ ጋር ምን አገናኛት እያልኩ ወጣሁ። በኋላ ነው የገባኝ። ዩ የቻይናው ጎርፍ ባለቤት ነው። እኔ ደግሞ ቻይና ላይ ራይት ያደረግኩት «በቻይናም የጥፋት ውሃ ታሪክ አለ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቤ ነው። አፈርኩ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩት።

እንዲህ ነው። አገሩን ጎርፍ ሞላው። ጉን የሚባል ሰው አቁመው ተባለ። ጉን ከሰማይ አምላክ ራሱን በራሱ የሚያበዛ አፈር ሰረቀና በዚያ ገደበው። ውሃው ግን ሲገድቡት ይብስበታል፤ ግድቡን ጥሶ ወጣ። ጉን በዚህ ጥፋቱ ሞተ። ሥራው ለልጁ ለዩ ተላለፈ። ዩ መገደቡን ተወው። ቆፈረ። ቦይ በቦይ አድርጎ ውሃውን ወደ ባሕር አወረደው። ይህን ሲሠራ ለዓመታት ቤቱ አልገባም። ሦስት ጊዜ በገዛ ደጁ አልፏል ይባላል፣ ልጁ ሲያለቅስ እንኳ ጎራ አላለም።

መርከብ የለም። የተቆጣ አምላክ ቅጣት የለም። ተመርጦ የተረፈ ደግ ሰው የለም፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የገባ እንስሳም የለም። ያለው ውሃ፣ አካፋና የቤቱ ናፍቆት የበላው ሰውዬ ነው። ይሄንን ነበር እኔ «በመሠረቱ አንድ» ያልኩት።

ሌሎቹን ጎርፎች እንደገና አነበብኳቸው። ዘንድሮ ካደረግኩት ነገር ሁሉ ጠቃሚው ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። በጥንታዊው የሜሶጶጣሚያ ታሪክ ጎርፉ የመጣው የሰው ልጅ ስለበዛና ስለሚጮህ ነው። ኤንሊል የተባለው አምላክ እንቅልፍ አጣ። በቃ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። ጎረቤት ረበሸኝ ብሎ ሰፈሩን በሙሉ እንደማጥለቅለቅ በሉት። ኤያ የሚባለው አምላክ ደግሞ ምስጢሩን ለሰው እንዳይናገር ምሎ ስለነበር ሄዶ ለሸምበቆ ግድግዳ ተናገረ። «ግድግዳ ሆይ ስሚ» አለ። ግድግዳው ጀርባ ሰውዬው አለ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለግድግዳ ነው ያወራሁት ማለት ነው! ከጎርፉ በኋላ ደግሞ አማልክቱ ተራቡ፤ መሥዋዕት የሚያቀርብላቸው ሰው አልቋላ። የተረፈው ሰው መሥዋዕት ሲያጤስ ሽታው ሸተታቸውና እንደ ዝንብ ተሰበሰቡ። እንደ ዝንብ የሚለው የኔ አይደለም፣ የሸክላ ሰሌዳው ላይ ያለ ነው።

ግሪክ ስትሄዱ የተረፉት ዲውካሊዮንና ፒራ፣ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ሰው እንደገና እንዲበዛ ከፈለጋችሁ የእናታችሁን አጥንት ወደኋላችሁ ወርውሩ ተባሉ። ፒራ አይሆንም አለች። የእናቴን አጥንት አልነካም ብላ ፈራች። ባሏ ብዙ አስቦ እናት ማለት ምድር ናት፣ አጥንቷም ድንጋይ ነው አለ። ወረወሩ። እሱ የወረወረው ወንድ፣ እሷ የወረወረችው ሴት ሆነ። በሕንዱ ታሪክ ደግሞ ማኑ ጠዋት እጁን ሲታጠብ አንዲት ትንሽ ዓሣ እጁ ውስጥ ገባች። ትልቅ ዓሣ እንዳይበላኝ አሳድገኝ፣ እኔም አድንሃለሁ አለችው። በእንስራ አሳደጋት፣ ሲጠባት ጉድጓድ ቆፈረላት፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ ለቀቃት፤ ጎርፉ ሲመጣ መርከቡን ቀንዷ ላይ አሰረ።

እንቅልፍ ያጣ አምላክ፣ የእናቷን አጥንት መንካት የፈራች ሴት፣ እንዳልበላ ያለች ዓሣ፣ በደጁ አልፎ ያልገባ አባት። ራይቷ ሁሉንም ዋጥ አድርጋቸዋለች።

እንዲያው ለራሴ ጥብቅና ልቁምና፣ መመሳሰሉ ሰው ያሳብዳል። እ.ኤ.አ. በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከነነዌ የመጣ የተሰበረ የሸክላ ሰሌዳ እያነበበ ነበር። ሰውዬው ዩኒቨርሲቲ የገባ ምሁር አይደለም፤ ሙያው ለገንዘብ ኖት ማተሚያ መቅረጽ ነበር፣ ፊደሉን በምሳ ሰዓቱ ሙዚየሙ እየሄደ በራሱ ነው ያጠናው። ሰሌዳው ላይ ተራራ ላይ ያረፈች መርከብና ማረፊያ አጥታ የተመለሰች ርግብ አገኘ። ከደስታው ብዛት ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ቆይቶ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ ይባላል። እኔ ቢያንስ ሠንጠረዥ ነው የሠራሁት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሠንጠረዡን ትቼ በቀስታ ማንበብ ጀመርኩ። በቀስታ ሳነብ ደግሞ ከጎርፍም ከዘንዶም ይልቅ ይዞ ያስቀረኝ ሞት ሆነ። ሰው ለምን ይሞታል ለሚለው ጥያቄ ሕዝቦች የሰጡት መልስ።

ስሚዝ ያገኛት ሰሌዳ የጊልጋሜሽ ታሪክ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ጊልጋሜሽ የሜሶጶጣሚያዋ ከተማ የኡሩክ ንጉሥ ነው፣ ኃይለኛ፣ ማንንም የማይፈራ። ጓደኛው ኤንኪዱ ሞተበት። ሬሳውን ለቀብር አልሰጥም ብሎ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ይዞት ተቀመጠ፣ ከአፍንጫው ትል እስኪወድቅ ድረስ። ያን ጊዜ ነው የገባው። እሱም እንደዚሁ ሊሆን ነው። ተነሳና የዓለም ዳርቻ ድረስ ሄደ፣ ከጥፋት ውሃ ተርፎ ሞትን ያመለጠውን ሽማግሌ ኡትናፒሽቲምን ሊጠይቅ።

ሽማግሌው አንድ ፈተና ሰጠው። ሞትን ከማሸነፍህ በፊት እንቅልፍን አሸንፍ፣ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ አለው። ቁጥሩን አያችሁት? ጓደኛውን ይዞ የተቀመጠበት ቁጥር ነው። ጊልጋሜሽ ቁጭ አለ። ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ እንደ ጉም መጣበት።

አሁን የምነግራችሁ ቦታ ከተረቱ ሁሉ የምወደው ነው። ሽማግሌው ሚስቱን ሰው አታላይ ነው፣ ሲነቃ ሊሸውድሽ ይሞክራል አላት። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ዳቦ ጋግረሽ ራስጌው አስቀምጪ፣ የተኛበትንም ቀን ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጊ። ጋገረች። የመጀመሪያው ዳቦ ድርቅ ብሏል። ሁለተኛው እንደ ቆዳ ሆኗል። ሦስተኛው ረጥቧል። አራተኛው ነጣ ብሏል፣ አምስተኛው ሻግቷል፣ ስድስተኛው የተጋገረው ገና አሁን ነው፣ ሰባተኛው ፍም ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ነካ አደረገው። ጊልጋሜሽ ብንን አለና፣ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ እኮ ነው የቀሰቀስከኝ አለ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ሰውዬ ሶፋ ላይ እያንኮራፋ «አልተኛሁም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው» የሚል አጎት ሆነብኝ። ቀጥሎ ግን ዳቦዎቹን ቁጠራቸው ተባለ። ቆጠረ። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሳነብ ሳቄ ቆመ፤ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ሞት ተቀምጧል፣ እግሬን ባነሳሁበት ሁሉ ሞት አለ ይላል።

በስንብቱ ላይ ደግሞ ሌላ ዕድል ተሰጠው። ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ እሾሃማ ተክል ከውሃው ሥር አለ ተባለ። እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ሰጠመና ነቀለው። ወዲያው አልበላውም። አገሬ ልውሰደውና መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ላይ ልሞክረው አለ። ጠንቃቃ ሰው! በመንገድ ቀዝቃዛ ኩሬ አየና ሊታጠብ ገባ። እባብ ሸተታት። ተክሉን ይዛ ሄደች፣ ስትሄድም ቆዳዋን ገፍፋ ጥላ። ጊልጋሜሽ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዘላለማዊነትን ያጣነው ገላውን ሲታጠብ ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌሎቹን መፈለግ ጀመርኩ። የደቡብ አፍሪካ ኮይኮይ ሕዝቦች የሚነግሩት እንዲህ ነው። ጨረቃ ለሰዎች መልእክት ላከች፤ «እኔ ሞቼ እንደምነሳ እናንተም ሞታችሁ ትነሳላችሁ» የሚል። ጥንቸል መልእክቱን እኔ ላድርስ ብላ ወሰደችና አዛብታ ተናገረች፣ «እኔ ሞቼ እንደምቀር እናንተም ትቀራላችሁ» አለቻቸው። ጨረቃ ተናዳ በእንጨት አፍንጫዋን መታቻት፣ የጥንቸል ከንፈር እስከ ዛሬ የተሰነጠቀው ለዚህ ነው። ዙሉዎች ደግሞ ፈጣሪ አትሞቱም የሚለውን ቃል በእስስት ላከ ይላሉ። እስስት መንገድ ላይ ፍሬ እየለቀመች ዘገየች። ኋላ እንሽላሊት ትሞታላችሁ የሚለውን ይዛ ተላከችና ቀድማ ደረሰች። እስስት ስትደርስ ሰዎቹ፣ እኛ የእንሽላሊትን ቃል ሰምተን ጨርሰናል አሏት። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ጥሩው ዜና ሲመጣ አልፎናል ይባላል?

አዳፓ የሚባለው የሜሶጶጣሚያ ሰው ደግሞ ሰማይ ሲጠራ አምላኩ ኤያ «የሚሰጡህ ምግብ የሞት ምግብ ነው፣ እንዳትበላ» ብሎ መከረው። ሰማይ ላይ የቀረበለት የሕይወት ምግብ ነበር። አልበላም አለ። የሰማዩ አምላክ አኑ ሳቀበት።

ስለ ሳቅ ካነሳን ማዊን ልንገራችሁ። ማዊ የፖሊኔዥያ ጀግና ነው። ፀሐይን በገመድ ጠልፎ ያዘገየ፣ እሳትን ከአያቱ ጥፍር ያወጣ፣ ደሴት በመንጠቆ ያጠመደ። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች እንደሚሉት የመጨረሻ ሥራው ሞትን መግደል ነበር። የሞት እናት ሂነ ኑዪ ተ ፖ ተኝታለች። ማዊ ሰው በሚወለድበት መንገድ ወደ ውስጧ ገብቶ በአፏ ከወጣ ሞት ይቀራል። አብረውት የመጡትን ወፎች፣ እንዳትስቁ፣ ከአፏ ስወጣ ያን ጊዜ ሳቁ አላቸው። ገባ። ራሱ ገባ፣ ትከሻው ገባ፣ እግሮቹ ውጭ ሆነው ይወራጫሉ። ወፎቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ቻሉ። አንዲት ጭራዋን እንደ ማራገቢያ የምትዘረጋ ትንሽ ወፍ ግን አልቻለችም፣ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሴትዮዋ ነቃች። ጭምቅ አደረገችው።

ወፏ ባትስቅ ኖሮ!

ስለ ሞት ሳነብ ሠንጠረዥ መሥራት እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቁኝ። በተለይ አንድ ቀን። በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት የፖሶ ሕዝቦች ፈጣሪ ለመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት በገመድ ስጦታ ያወርድላቸው ነበር ይላሉ። አንድ ቀን ድንጋይ አወረደ። ይሄ ምን ያደርግልናል፣ ሌላ ስጠን አሉ። ሙዝ አወረደ። እየሮጡ ሄደው ወሰዱት። ከላይ ድምፅ መጣ፤ ሙዝን ስለመረጣችሁ ሕይወታችሁ እንደ ሙዝ ይሆናል፣ ልጇ ሲደርስ እናቲቱ ግንድ ትሞታለች፣ ድንጋዩን ብትወስዱ ግን እንደ ድንጋይ በኖራችሁ። ይሄን ባነበብኩ በሳምንቱ ጃፓን ላይ ኒኒጊን አገኘሁ። የፀሐይዋ አምላክ የልጅ ልጅ ነው። የተራራው አምላክ ሁለት ልጆቹን ዳረለት፣ አንዷ የአበባ እመቤት፣ ታላቋ የአለት እመቤት። አለቷ መልኳ ስላላማረው ወደ አባቷ መለሳት። አባትየው፣ ሁለቱንም የላክሁልህ አለቷ ዕድሜህን እንደ አለት እንድታጸናልህ ነበር፣ አሁን ግን የዘርህ ዕድሜ እንደ አበባ ይረግፋል አለ።

ድንጋይ! ሁለቱም ድንጋይን ንቀው ነው የሞቱት! እስክሪብቶዬን አንስቼ መስመር ልጀምር ስል ያቺ ቀይ «ዩስ?» ትዝ አለችኝ። ተውኩት። ደግሞም በቀስታ ካያችሁት የሱላዌሲዎቹ ምርጫ ውስጥ ልጅ አለ፤ ሙዝ የሚሞተው ልጁን አድርሶ ነው። የጃፓኑ ውስጥ ያለው የተዋረደች ልጅና የተቆጣ አባት ነው። አንዱ የወላጅ ታሪክ ነው፣ አንዱ የንቀት።

አንድ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። ከእነዚህ ታሪኮች አንዱም ሞት እንዲያው ያለ ነገር ነው አይልም። ሁሉም ለጥቂት ነው የሚሉት። ለጥቂት አመለጠን። ጥንቸሏ ቃሉን ብታስተካክል፣ እስስቷ ብትፈጥን፣ ሰውዬው ሳይታጠብ ቢበላው። መጀመሪያ ይሄ የልጅ አስተሳሰብ ይመስለኝ ነበር። ትልቁን ነገር በትንሽ ስህተት ማመካኘት።

ከዚያ አያቴ የሞተችበት ሰሞን ትዝ አለኝ። ቤት ውስጥ ለሳምንታት ያወራነው ስለ ሕመሟ አልነበረም። ምነው ሐሙስ ዕለት ሳልሄድ ብቀር፣ ምነው ስትል የነበረውን በደንብ ብሰማት፣ ምነው ቀደም ብለን ብንወስዳት። እኔም የራሴ አለኝ። የዚያን ሌሊት አክስቴ ደጋግማ ደውላልኝ ነበር፣ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ አላነሳሁም። ባነሳው የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ሁሉም ነግሮኛል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እስስቷ ፍሬ ስትለቅም የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር ያ ስልክ ነው የሚታየኝ፣ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተኝቶ። ስለዚህ የልጅ አስተሳሰብ ነው ማለቴን ትቻለሁ።

ስካንዲኔቪያዎች ባልደር በሚባለው አምላካቸው ላይ ይሄንኑ ሁለት ጊዜ ያደርጉታል። እናቱ ፍሪግ ልጄን እንዳትነኩት ብላ እሳትን፣ ውሃን፣ ብረትን፣ ድንጋይን፣ በሽታን ሁሉ አስማለች። አንዲት ተቀጽላ ብቻ፣ ገና ለጋ ናት ብላ ተወቻት። የገደለችው ያቺ ተቀጽላ ናት። ከሞተ በኋላም ዓለም ሁሉ ካለቀሰለት ይመለሳል ተባለ። ድንጋይና ብረት ሳይቀር አለቀሰ። ዋሻ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ብቻ አላለቅስም አለች፣ የሙታን አገር ገዢዋ ሄል የያዘችውን ትያዝ ብላ። ባልደር ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይሄን ታሪክ በዚህ መልኩ የምናውቀው ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል አይስላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ ስለጻፈው ነው፣ ያን ጊዜ አገሩ ክርስትናን ከተቀበለች ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል። እና ስንቱ የጥንቶቹ ነው፣ ስንቱ የሱ ነው? ተረት ሰብሳቢዎቹ ጀርመናውያን ወንድማማቾች ግሪሞቹም እንደዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት ላይ በረዶ የመሰለችውን ልጅ ልታስገድል የላከችው የገዛ እናቷ ናት። በ1819ኙ እትም እናትየው የእንጀራ እናት ሆነች። እናት እንዲህ አታደርግም ብለው ነዋ! የእንጀራ እናቶች በዚህ የተነሳ የሚሰደቡት ስድብ ያሳዝነኛል። ጥንታዊ እያልን የምናነበው ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ጸሐፊ ብዕር አልፎበታል፣ ያን ብዕር ሳይጠይቁ «ጥንታውያን እንዲህ ያምኑ ነበር» የሚሉ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮዎችን አሁን ማየት አልችልም። ድሮ እኔው ነበርኩ ሼር የማደርጋቸው።

የጋና አካኖች ይሄን ጣጣ ቀድመው የጨረሱት ይመስለኛል። የሸረሪቱን የአናንሲን ተረት ሲጀምሩ፣ የምንለው እውነት ነው ማለታችን አይደለም፣ ማለታችን አይደለም ይላሉ። ሲጨርሱ ደግሞ፣ ይህ የነገርኳችሁ ተረት ጣፈጠም አልጣፈጠም፣ ከፊሉን ወደ ሌላ ውሰዱት፣ ከፊሉም ወደኔ ይመለስ። ይሄን ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ድምፄን አውጥቼ «ተረቴን መልሱ!» አልኩ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። አዎ፣ መመሳሰል ነው። አዎ፣ ራይት ማድረግ አማረኝ።

የመጨረሻውን ድርሰት ስለ ዳቦዎቹ ብቻ ጻፍኩ። ሰባት ዳቦ፣ አራት ገጽ። መምህሬ በቀይ ምንም አልጻፈበትም፣ ይሄ ጥሩ ይሁን መጥፎ እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ትንሿ እህቴ ተረት ንገረኝ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መብራት አጥፍተን ማዊን ነገርኳት፣ የገባበትን መንገድ «በእግሯ በኩል» ብዬ አድበስብሼ። ወፎቹን እንዳትስቁ ሲላቸው አብራ ትንፋሿን ያዘች። ራሱ ገባ። ትከሻው ገባ። እግሮቹ ውጭ ሆነው ይወራጫሉ ስል፣ ወፏ ከመሳቋ በፊት እህቴ ፈነዳች።

«ገደልሽው» አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ድገመው» አለችኝ፣ «አሁን አልስቅም።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ትከሻው ጋ ስደርስ ብርድ ልብሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።